የተለካው ለማን ነው?



ቤሩት ውስጥ በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ውሃን ለይተን እናውቃለን። በጋሎን የሚመጣ የሚጠጣ ውሃ አለ። በቦቴ መጥቶ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውስጥ የሚሞላ አለ። ሲመጣ የሚመጣ፣ ሲጠፋ የሚጠፋ የመንግሥት ቧንቧ ውሃም አለ። ጨው የበዛበትን ሳሙናው አረፋ አልወጣ ሲል እናውቀዋለን። ዝገት ያለበትን ነጭ አንሶላ ላይ እናየዋለን። ሮቶው ካልታጠበ ሽታው ይነግረናል። ማንም ሳያስተምረን የውሃ መርማሪዎች ሆነናል።

እዚሁ ሊባኖስ ውስጥ በ2021 ቃራውን ሐይቅ ዳር ቢያንስ 40 ቶን የሞተ ዓሣ ተገኝቶ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ በለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሐይቁን የሚሞላው የሊጣኒ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ውስጥ ደግሞ የከተማ ፍሳሽና የፋብሪካ ቆሻሻ እንደሚገባ አገሬው ሁሉ ያውቃል። ዓሣ ሲሞት ይታያል፣ ይሸታል፣ ሰው ይጮኻል። እኔ ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን ስለማይታየውና ስለማይሸተው ነው። ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ የማያውቁት ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ መኖሩ የሚታወቀው አንድ ሰው ከለካው ብቻ ነው። ታዲያ ማነው የሚለካው? ሲለካስ ወረቀቱ ለማን ይደርሳል?

ይሄን ጥያቄ ያመጣብኝ አንድ ደብዳቤ ነው። የአክስቴ ልጅ ጣሊያን አገር፣ ቪቼንዛ በሚባለው አውራጃ፣ አንዲት አሮጊት ትጦራለች። በብዙ ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። አንድ ቀን በዋትሳፕ የደብዳቤ ፎቶ ላከችልኝና «ደምሽን ስጪ እያሉኝ ነው» አለችኝ። እኔ ክው አልኩ። «ምን አድርገሽ ነው?» አልኳት። እዚህ እኛ ደም ስጡ ከተባልን ወይ ለመኖሪያ ፈቃድ ነው፣ ወይ ተጠርጥረን ነው። እሷ ግን ሳቀች። «ኧረ ምንም አላደረግሁም፤ ውሃ ስለጠጣሁ ነው» አለችኝ።

ውሃ ስለጠጣሁ ነው! ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ ስልኬ ላይ እየፈለግሁ፣ እትዬም በጣሊያንኛ የተጻፈውን በድምፅ እየተረጎመችልኝ፣ ቀስ በቀስ ገባኝ። የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው። እኔን የገባኝ ደግሞ እናንተንም ይገባችኋል።

ነገሩ ፒፋስ ይባላል። አንድ ኬሚካል ብቻ አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘመዳሞች ናቸው። የተሠሩት ካርቦንና ፍሎሪን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ሲሆን የሁለቱ ማያያዣ እጅግ ጠንካራ ነው። ፀሐይ አይፈታውም፣ አፈር አያበሰብሰውም፣ ጉበታችንም አይሰባብረውም። ፈረንጆቹ የማይሞቱ ኬሚካሎች የሚሏቸው ለዚህ ነው። ውሃም ዘይትም አያስጠጉም፤ ስለዚህ ሰው ወደዳቸው። ምግብ የማይዝ መጥበሻ፣ ቡና ቢደፋበት የማይበላሽ ሶፋና ምንጣፍ፣ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ዘይት የማያሳልፍ የምግብ ወረቀት፣ የነዳጅ እሳት ማጥፊያ አረፋ፣ እነዚህ ሁሉ ሲሠሩ ገብተዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከዝርዝሩ ግማሹ የኛ የሥራ ዕቃ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ የተጠናው ፒፎአ የሚባለው ነው። አንዴ ሰውነት ውስጥ ከገባ ግማሹ ብቻ እስኪወጣ እንኳን ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2023 ፒፎአን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። ሴት ስንሆን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከሴት ሰውነት በወር አበባ፣ በእርግዝናና በጡት ወተት ይወጣል። ይወጣል ስል ጠፋ ማለቴ አይደለም። በእርግዝናና በወተት የወጣው ወደ ልጅ ነው የሚሄደው።

የሚለካውም በጣም በትንሹ ነው። አሜሪካ በ2024 ለመጠጥ ውሃ ያወጣችው ገደብ ለፒፎአ በአንድ ሊትር 4 ናኖግራም ነው። ናኖግራም ምን ያህል እንደሆነ አልገባ ሲለኝ እንዲህ አድርጌ አሰላሁት። ጣሪያችን ላይ ያለውን 1,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አስቡ። እንደሱ ያሉ 15 ሮቶዎች ሙሉ ውሃ ደርድሩና አንዲት የገበታ ጨው ቅንጣት ጣሉበት። አንዲት! 4 ናኖግራም በሊትር ማለት ይህን ያህል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ አባል አገሮቹ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ያሉ 20 የፒፋስ ዓይነቶችን እንዲለኩ ግዴታ አድርጓል፤ ድምራቸው በሊትር ከ100 ናኖግራም እንዳያልፍ። ያ ደግሞ ከግማሽ ሮቶ በትንሹ በበለጠ ውሃ ውስጥ አንዲት የጨው ቅንጣት እንደማለት ነው። ይሄን የትኛው ምላስ ያውቀዋል? ወጥ ውስጥ ጨው ጎደለ ብላ የምትቆጣ ማዳም እንኳን አታውቀውም።

አሁን ወደ እትዬ አገር ልመልሳችሁ። እሷ ያለችበት ክልል ቬኔቶ ይባላል። እዚያ ትሪሲኖ በምትባል ከተማ ሚቴኒ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ ነበር። ሥራው የተጀመረው በ1960ዎቹ፣ ጨርቅ ውሃ እንዳያስገባ የሚያደርጉ ኬሚካሎችን ለመሥራት ነው። ፋብሪካው የቆመበት መሬት ደግሞ ትልቅ የከርሰ ምድር ውሃ የሚሞላበት ቦታ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ፒፋሱ ወደ ታች ሰረገ። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነበር። ሰው ጠጣው፣ ሕፃን ታጠበበት፣ በቆሎ በቀለበት፣ ዶሮ ጠጣው።

በ2013 የጣሊያን ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ለአካባቢ ሚኒስቴር ባደረገው የወንዞች ጥናት ነገሩ ወጣ። ወንዙም የቧንቧው ውሃም ውስጥ ፒፋስ ተገኘ። እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው፤ የተገኘው ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ሄዶ አይደለም። ውሃ እንዲቀዳ የተላከ ሠራተኛ ጠርሙሱን ሞልቶ ላብራቶሪ ስለወሰደ ነው። በዚያው ዓመት የውሃ ድርጅቶቹ ትልልቅ የከሰል ማጣሪያ ተከሉ። የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ከወንዙና ከጉድጓዱ በየጊዜው ናሙና መውሰድ ያዘ። በጣም የተበከሉትን መንደሮች ቀይ ቀጠና ብለው ለዩአቸው። ነገሩ የነካው ሕዝብ በጠቅላላ ከ300,000 በላይ ነው።

ውሃውን ከለኩ በኋላ ሰዉን መለካት ጀመሩ። ከ2017 ገደማ ጀምሮ ከ1951 እስከ 2002 የተወለዱ የቀይ ቀጠና ነዋሪዎች በየተራ እየተጠሩ ደማቸው በነፃ ተመረመረ። ከ14 እስከ 39 ዓመት ባሉት ከ18,000 በላይ ሰዎች ላይ የታተመው ውጤት፣ የፒፎአው መካከለኛ ቁጥር በሚሊ ሊትር 44 ናኖግራም ነበር። ውሃቸው ባልተበከለ የዚያው ክልል ሰዎች ላይ ቀደም ብሎ በተለካው ግን 2 እንኳን አይሞላም።

ያኔ እናቶቹ ተነሡ። ልጆቻቸው ጤነኛ መስለው ይጫወታሉ፤ ወረቀቱ ግን ሌላ ይላል። የፒፋስ ተቃዋሚ እናቶች ተባብለው ተደራጁ። የልጃቸውን የደም ቁጥር ቲሸርታቸው ላይ አትመው አደባባይ ወጡ። አስቡት፤ እኛ ቁጥራችንን ከሰው እንደብቃለን፣ እነሱ ደረታቸው ላይ ለጠፉት። ንጹሕ ውሃ ከሌላ ቦታ በቧንቧ እንዲመጣ ጠየቁ፣ ክስ ላይ ገቡ። ፋብሪካው በ2018 ከስሮ ተዘጋ። በ2025 ሰኔ ወር ላይ የቪቼንዛ ፍርድ ቤት ከ15 ተከሳሾች 11 ኃላፊዎችን ጥፋተኛ ብሎ በድምሩ 141 ዓመት እስራት ፈረደባቸው። አንድ የታተመ ጥናት ደግሞ ከ1985 እስከ 2018 ድረስ በዚያ አካባቢ ከሚጠበቀው በላይ ወደ 3,900 የሚጠጋ ሞት ቆጥሯል። ፍርዱ የሞተ አይመልስም። ግን ያ የመጀመሪያው ጠርሙስ ባይሞላ ኖሮ ፍርዱም፣ ማጣሪያውም፣ ደብዳቤውም አይኖርም ነበር።

ስለ ደብዳቤው እትዬን አንድ ነገር ጠየቅኋት። «አንቺ እኮ የነሱ ዜጋ አይደለሽም፤ ሠራተኛ ነሽ። ለምን ጠሩሽ?» አልኳት።

«ስሜ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ላይ አለ» አለችኝ። «እዚህ ቤት ነዋሪ ናት ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። መዝገቡን ከፈቱ፣ የተወለድኩበትን ዓመት አዩ፣ ላኩ።»

የምትጦራቸው አሮጊት ግን ከ1951 በፊት ስለተወለዱ አልተጠሩም። «ዕድሜ ልኬን ውሃውን የጠጣሁት እኔ፣ የሚጠሩት አንቺን!» ብለው ተቆጡ አሉ። እትዬ የሄደችው ማጣሪያው ከተተከለ በኋላ ስለሆነ ቁጥሯ ከጎረቤቶቿ ያነሰ ሆኖ ወጣ። ዝርዝሩን ለራሷ ልተወው። እኔን የያዘኝ ቁጥሩ አይደለም፤ መዝገቡ ነው። ጥቁር ትሁን ነጭ፣ ማዳም ትሁን ሠራተኛ ሳይሉ፣ እዚህ የምትኖር፣ ይሄን ውሃ የምትጠጣ ሰው ብለው ጻፏት። እኛ እዚህ ወረቀታችን በከፋላ ከአሠሪያችን ስም ጋር ተሰፍቶ ነው ያለው። አንድ ቀን እዚህ ሰፈር ውሃው ተበክሏልና ነዋሪው ይምጣ ቢባል፣ ከነዋሪው መካከል ስማችን ይጠራ ይሆን?

መለካት ብቻውን አይበቃም። አሜሪካን እዩ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ፓርከርስበርግ የምትባል ከተማ አጠገብ ዱፖንት ቴፍሎን የሚሠራበት ፋብሪካ ነበረው፤ ፒፎአ ይጠቀም ነበር። በ1981 ኬሚካሉ የአይጥ ፅንስ ላይ የዓይን ጉዳት እንዳመጣ ሲነገረው፣ ኩባንያው የሴት ሠራተኞቹን ልጆች አስመረመረ። ከ7 ሕፃናት 2ቱ ዓይናቸው ላይ ጉድለት ነበረባቸው። ሴቶቹን ከዚያ ክፍል አነሣቸው፤ ለአካባቢው ሕዝብ ግን ምንም አልተነገረም። ከተማው ያንኑ ውሃ እየጠጣ ዓመታት አለፉ።

ነገሩ የወጣው ከብቶቹ ያለቁበት አንድ ገበሬ ሮብ ቢሎት የሚባል ጠበቃ ጋ ሄዶ በመክሰሱ ነው። በ2005 መንግሥት ያን መረጃ በመደበቁ ኩባንያውን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። በ2005 እና በ2006 ወደ 69,000 የአካባቢው ሰዎች ደም ሰጡ። በ2012 ያን ሁሉ ያጠኑት ባለሙያዎች ፒፎአ ከስድስት በሽታዎች ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ተናገሩ፤ የኩላሊት ካንሰር፣ የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰር፣ የታይሮይድ ሕመም፣ በእርግዝና ጊዜ የሚነሣ የደም ግፊት፣ የትልቁ አንጀት ቁስለትና የኮሌስትሮል መብዛት። እንግዲህ በ1981 ልኬት ነበረ። ወረቀቱ ግን መሳቢያ ውስጥ ነበር። የለካው አካል የለካው ለራሱ ሲሆን እንዲህ ነው የሚሆነው።

አገራችንስ? እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። በጾም ዓሣ ከቤታችን አይጠፋም ነበር። ስለ ፒፋስ ሳነብ ፈርቼ የፈለግሁት የመጀመሪያው ስም ጣና ነበር። ተለክቷል! የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የጣናን ውሃ፣ ደለልና ዓሣ መርምረው በ2016 አሳትመዋል። ፒፋስ ተገኝቷል፤ ነገር ግን መጠኑ ዝቅተኛ ነበር፣ ዓሣውን መብላትም የሚያሰጋ ሆኖ አላገኙትም። እናቴን ደውዬ ነገርኳት። «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው፣ ጣና እኮ ነው» አለችኝና ወሬ ቀየረች። እኔ ግን ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። በጎ ዜናም ቢሆን የሚመጣው ሲለካ ነው።

ሌላም አለ። የስቶክሆልም ስምምነት የሚባል ዓለም አቀፍ ውል አለ። በ2001 ተፈርሞ በ2004 ሥራ ላይ የዋለ ነው። እንዲህ የማይጠፉ ኬሚካሎችን ለመከልከልና ለመከታተል የተዋዋሉበት ነው። ኢትዮጵያም ሊባኖስም አባል ናቸው። ፒፎአ በ2019 የተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በዚህ ውል መሠረት አገሮች አየር፣ ውሃና የእናት ጡት ወተት እየወሰዱ ያስለካሉ። ወተቱን የሚሰጡት የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ እናቶች ናቸው፤ ከኢትዮጵያም ተወስዷል። እዚያ ጎልቶ የታየው ለወባ ተብሎ ግድግዳ ላይ ሲረጭ የኖረው ዲዲቲ ነው። ያን የሚረጩ ሰዎች ጀርባቸው ላይ ጋን ተሸክመው ሲመጡ ዕቃ ወደ ደጅ እናወጣ እንደነበር እናቶቻችን ያስታውሳሉ። በዚህ ሰበብ ጡት ማጥባት አቁሙ ያለ ግን የለም፤ የእናት ወተት ጥቅሙ ይበልጣል ነው የሚሉት። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ያቺ ወተቷን የሰጠች እናት ውጤቱን ሰምታው ይሆን? ወይስ ወተቷ ውጭ አገር ደርሶ እሷ ጋ ሳይመለስ ቀረ?

ይሄን ስጽፍ የራሳችን ደም ትዝ አለኝ። ከአገር ስንወጣ ተመርምረናል። እዚህ ስንደርስ እንደገና ተመርምረናል። የሳንባ፣ የጉበት፣ የኤች አይ ቪ፣ የእርግዝና። ስንቶቻችን ነን ወረቀቱን በእጃችን የያዝነው? የኔ ከኤጀንሲው ወደ ማዳም ሄደ፤ እኔ የሰማሁት «ማሺ» የምትለዋን አንድ ቃል ነው። የተመረመርነው ልጅ ለማቀፍ፣ ሰላጣ ለመክተፍ ደህና መሆናችን እንዲታወቅ ነው። እሺ፣ ይሁን። ግን አምስት ዓመት የሰው ቤት ካጸዳን በኋላ ስንወጣ ሳንባችን፣ ቆዳችን፣ ጉበታችን እንዴት እንደሆነ የሚለካ የለም። ስንገባ የቤቱ ጤና ተለካ። ስንወጣ የኛ ለምን አይለካም?

ኮንትራቴ ሊያልቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል። አገሬ ገብቼ ትዳር መያዝ፣ ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ብዙዎቻችሁም እንደኔ ናችሁ። ሻንጣ ውስጥ ብርድ ልብስና ሽቶ ብቻ አይደለም ይዘን የምንመለሰው፤ ይሄንን ሰውነት ይዘን ነው።

ማዳም ቤት በየወሩ ሶፋው ላይ የምረጨው ቆርቆሮ አለ። ቡናም ወይንም ቢደፋ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ጀርባው ላይ ምን እንዳለበት ፈለግሁ፤ ውሃ የሚገፋ ይላል እንጂ ስም የለውም። ፒፋስ ይኑረው አይኑረው ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። ውሃ የሚገፉ ስፕሬዮች በተዘጋ ክፍል ሲረጩ ሳንባ እንደሚጎዱ ግን በሐኪሞች በደንብ የታወቀ ነው። ማዳምን «ማስክ ግዢልኝ፣ መስኮትም ልክፈት» አልኳት። «አቧራ ይገባል» አለችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገሩ አልታያትም። ከሁለት ወር በኋላ ልጇ አርግዛ መጣች። ያኔ ስለ ፓርከርስበርግ ሴቶች ነገርኳት፤ የተሰባበረ ዓረብኛዬን ሰብስቤ፣ ስልኬን ይዤ፣ ሁለቱን ሕፃናት ነገርኳት። ማዳም ዝም አለች። በማግስቱ ቆርቆሮው ከመደርደሪያው ላይ የለም። የተጣለው ለልጅ ልጇ ተብሎ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የኔም ሳንባ አረፈ። የተማርኩትም አለ። ነገሩን ስም ሰጥተን፣ ቁጥር ይዘን ስንናገር ይሰማል።

ስለዚህ ለእናንተ ሦስት ነገር አለኝ።

አንደኛ ስለ ውሃ። ውሃ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ማፍላታችሁን አትተዉ። ፒፋስን ግን ማፍላትም በረኪናም አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። የሚቀንሰው በጊዜው የሚቀየር የከሰል ማጣሪያ ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ነው። ያን ደግሞ በደመወዛችን አንገዛም። የምንችለው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱ ከሚጠጣው መጠጣት። የመጀመሪያው ቤቴ ጋሎኑ ለቤተሰቡ ነበር፣ ለኔ ቧንቧው። «አንቺ ለምደሽዋል» ይሉኝ ነበር። ለመርዝ የሚለመድ ሆድ የለም። ከጋሎኑ መጠጣት እንደ ምግብና እንደ እንቅልፍ ሁሉ የሥራ ጥያቄ ነው፤ ማኅበራችን ከአሠሪ ጋር ሲነጋገር አብሮ ይጠይቅልን።

ሁለተኛ ስለ ወረቀት። ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ደም ስጡ ስትባሉ የውጤቱን ቅጂ ጠይቁ። ካልሰጡ ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ ላንሣው በሉ። የራሳችሁ ደም ነው። ፎቶውን አገር ቤት ላለ ለምታምኑት ሰው ላኩት፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይቀማል።

ሦስተኛ ስለ ኬሚካል። በየቤታችሁ የምትረጩት፣ የምትፈትጉበት፣ ምድጃ የምታጸዱበት ነገር ምን ምን እንደሆነ ጻፉ። በቀን ስንት ሰዓት፣ መስኮት ተከፍቶ ወይስ ተዘግቶ፣ ጓንት ተሰጥቷችሁ ወይስ በባዶ እጅ። መጻፍ ለምትቸገር እህት ሌላዋ ትጻፍላት። የጣሊያን እናቶች ላብራቶሪ አልነበራቸውም፤ መንግሥት የለካውን ይዘው ነው የጮኹት። እኛን ደግሞ እስካሁን የለካን የለም። ማኅበራችን የጤና ድርጅቶችንና ቆንስላችንን ስንወጣም እንመርመር ብሎ ሲጠይቅ በባዶ እጁ እንዳይሄድ፣ ከኛ የሚወጣ ዝርዝር ያስፈልገዋል።

በሚመጣው እሁድ ስብሰባ ስትመጡ የቆርቆሮውንና የጠርሙሱን ጀርባ ፎቶ አንሥታችሁ ኑ። ጽሑፉ በዓረብኛ ቢሆን፣ በፈረንሳይኛ ቢሆን ግድ የለም፤ የሚያነብልን አይጠፋም። ከኋላ የተቀመጠው ሰማያዊ ደብተር ለዚሁ የተገዛ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የኔ ቤት ዕቃዎች ተጽፈዋል፤ 11 ናቸው። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው።